በመንገድ ሥር ማለፍ ስንት ያወጣል?

የይፋት ቆላ የሰው፣ የከብትና የዱር እንስሳት መሻገሪያ በሂሳብ ሚዛን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል የሚጓዝ የጭነት መኪና ጣሊያን የሠራውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ሲወርድ ብርዱን ከኋላው ይተወዋል። 225ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ዝቅ ብሏል። ሾፌሩ ከጠመዝማዛው ተገላግሎ ሜዳ አገኘሁ ብሎ ነዳጅ የሚረግጠው እዚህ ላይ ነው። ሜዳው ግን የመኪና ብቻ አይደለም። ከምሥራቅ የአፋር ግመልና ፍየል፣ ከምዕራብ ተራራ ግርጌ የገበሬው በሬና አህያ፣ በመካከሉ ደግሞ ውሃ ቀድታ የምትመለስ ሴትና ከትምህርት ቤት የተለቀቀ ልጅ አስፋልቱን ያቋርጣሉ። ሲመሽ ተራው የጅብ፣ የከርከሮና የጃርት ይሆናል።

ይህ መንገድ ወደ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻና ደሴ የሚያደርስ፣ ከኮምቦልቻም በባቲና በሚሌ በኩል ከጅቡቲ መስመር የሚገናኝ የንግድ ጅማት ነው። የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት፣ ማንጎና ማሾ የሚጫነው፣ ወደ ሰሜን የሚሄደው ሲሚንቶና የፋብሪካ ዕቃ የሚተላለፈው በዚሁ ነው። ስለዚህ በመንገዱ ላይ የሚሞት አንድ ግመል የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የላኪው፣ የተቀባዩ፣ የኢንሹራንሱና የደላላው ጉዳይ ይሆናል። ሰዎችና እንስሳት ከአስፋልቱ በታች የሚያልፉበት መሻገሪያ ይሠራ ሲባል «ለጅብ ድልድይ ሊሠራ ነው?» ብሎ መሳቅ ቀላል ነው። ከመሳቁ በፊት ግን ሂሳቡን ማየት ይበጃል።

የአንድ ግጭት ደረሰኝ

መኪና ከከብት ጋር ሲጋጭ በመጀመሪያ የሚታየው የከብቱ ዋጋ ነው። በገበያ ቀን እንደሚታየው የአንድ ጎልማሳ ግመል ወይም የሰባ ሰንጋ ዋጋ ለአንድ አርብቶ አደር ቤተሰብ የዓመት ቁጠባ ነው። ሁለተኛው የመኪናው ጥገና ነው። የፊት መብራት፣ ራዲያተርና መስታወት ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች በመሆናቸው ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋቸው የዶላሩን ተከትሎ ሄዷል። ሦስተኛው ሳይጻፍ የሚቀረው ወጪ ነው፤ መኪናው የቆመበት ቀን፣ በሙቀት የተበላሸው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ረዳቱ ዕቃ ሲጠብቅ ያደረበት አበል፣ ሾፌሩ ፖሊስ ጣቢያና ሽማግሌ ፊት ያጠፋው ጊዜ። በዚህ አካባቢ የከብት ጉዳይ የአንድ ሰው ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። ካሣው በወቅቱ ካልተከፈለ ጎሳን ከጎሳ የሚያቃቅር፣ መንገድ የሚያዘጋ ጠብ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን የተዘጋ መንገድ ደግሞ በግጭቱ ውስጥ እጁ የሌለበትን ነጋዴ ሁሉ ያስከፍላል።

አራተኛው ወጪ ማታ የሚመጣው ነው። ተገጭቶ አስፋልት ዳር የቀረ በድን ጅብ ይጠራል፤ ጅቡን ሸሽቶ መሪ የሚጠመዝዝ ሾፌር ደግሞ ከገደል ወይም ከፊት ለፊቱ መኪና ጋር ይገናኛል። የዱር እንስሳው ዋጋ በገበያ ባይተመንም ሞቱ የሚያስከትለው ጉዳት ይተመናል።

ከሁሉ በላይ የሆነው የሰው ሕይወት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በ2016 በኢትዮጵያ ከ100 ሺህ ሰው 26.7 ያህሉ በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። በአገሪቱ ከሚሞቱት መካከል እግረኛው ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛል።

ሕጉ ለማን ይፈርዳል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ጉዳይ ሁለት ስለት ያለው ሰይፍ ነው። በቁጥር 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው በድንገት አምልጦ እንኳ ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በቁጥር 2081 ደግሞ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ግመል ከአይሱዙ ጋር ሲጋጭ ሁለቱም ባለቤቶች ከሳሽም ተከሳሽም የመሆን መንገድ አላቸው ማለት ነው። በተግባር ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽምግልና የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከሽምግልናው የሚወጣው ዋጋም እንደ ሁኔታው ከገበያው ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል።

ኢንሹራንሱም የራሱ ታሪክ አለው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን የመድን አዋጅ ቁጥር 799 ሲታወጅ ለአንድ ሰው ሞት የሚከፈለው ካሣ ከ5 ሺህ እስከ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት የሚከፈለው ደግሞ እስከ 100 ሺህ ብር ነበር። በወረቀት ላይ የንብረቱ ጣሪያ ከሰው ጣሪያ በላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ተመን እንደ ጊዜው ይሻሻላል፤ ትምህርቱ ግን አይለወጥም። የካሣ ጣሪያ ኢንሹራንስ ኩባንያው የሚከፍለውን ያሳያል እንጂ ኅብረተሰቡ ያጣውን አያሳይም። የመሻገሪያን ጥቅም በካሣ ተመን የሚለካ ሰው ስሌቱን የሚጀምረው ከተሳሳተ ቁጥር ነው።

ሂሳቡ ሲሠራ

የሚከተሉት ቁጥሮች የስሌቱን አካሄድ ለማሳየት የተወሰዱ ምሳሌዎች እንጂ የአንድ ፕሮጀክት ግምት አይደሉም። አንባቢው በራሱ ቁጥር ሊተካቸው ይችላል።

አስፋልቱን ቆርጦ፣ ተለዋጭ መንገድ አበጅቶ፣ ግመልና ሰው የሚያሳልፍ የኮንክሪት መሻገሪያ ለመሥራት 30 ሚሊዮን ብር ይፈጅ እንበል። ዕድሜው 50 ዓመት፣ ጥገናው በዓመት 300 ሺህ ብር ይሁን። ገንዘቡ በ10 በመቶ ወለድ ቢታሰብ በየዓመቱ 3.03 ሚሊዮን ብር ያህል ይመለስ ዘንድ ግድ ነው። ከጥገናው ጋር የዓመት ወጪው 3.33 ሚሊዮን ብር ይደርሳል።

በሌላው የሚዛን ጎን ደግሞ በዚያ ቦታ በዓመት 25 ከብት ይሞታል እንበል። በአማካይ 60 ሺህ ብር ሲታሰብ 1.5 ሚሊዮን ብር ነው። 15 መኪና በአማካይ 50 ሺህ ብር ለጥገና ቢያወጣ 750 ሺህ ብር ይመጣል። እነዚሁ 15 መኪኖች ሁለት ሁለት ቀን ቆመው በቀን 15 ሺህ ብር ቢያጡ 450 ሺህ ብር ይጨመራል። ድምሩ 2.7 ሚሊዮን ብር ነው። መሻገሪያው ግጭቱን ሁሉ ቢያስቀር እንኳ በዓመት 630 ሺህ ብር ይጎድላል። በዚህ ስሌት ባንክ ያለው ሰው «አይሠራም» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል።

ሆኖም ስሌቱ ሦስት ቦታ ላይ ይላላል።

የመጀመሪያው ወለዱ ነው። 10 በመቶው የዋጋ ንረትን የጨመረ ወለድ ከሆነ በሌላው ጎን ያለው የከብትና የመለዋወጫ ዋጋም በየዓመቱ አብሮ መናር ነበረበት፤ ከላይ ግን ባለበት ቆሞ ታስቧል። ንረቱ ተቀንሶ የሚቀረው እውነተኛ ወለድ 5 በመቶ ነው ቢባል የዓመት ወጪው ጥገናን ጨምሮ ወደ 1.94 ሚሊዮን ብር ይወርዳል። ያን ጊዜ መሻገሪያው ከጉዳቱ 72 በመቶውን ካስቀረ ወጪውን ይመልሳል። የኮንክሪቱ መጠን ሳይነካ ፍርዱ የተገለበጠው በወለዱ ብቻ ነው። ስለዚህ የአዋጭነት ጥናት የቀረበለት ባለሀብት በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው «በስንት ወለድ ነው የታሰበው? ንረቱስ በሁለቱም ጎን ገብቷል ወይ?» ብሎ ነው።

ሁለተኛው የሰው ሕይወት ነው። ከላይ ባለው ድምር ውስጥ አንድም ሰው አልተቆጠረም። በዓመት አንድ እግረኛ ከሞት ማዳን 630 ሺህ ብር ያወጣል ወይስ አያወጣም የሚለው ጥያቄ ሲቀርብ መልሱን የማያውቅ የለም። የ40 ሺህ ብሩን ጣሪያ ይዞ የሚያሰላ ግን ጉድለቱን አይሸፍንም።

ሦስተኛውና ለነጋዴው ይበልጥ የሚጠቅመው ጊዜው ነው።

ያለው ቱቦ ቢሰፋስ?

የይፋት ቆላ መንገድ ከምዕራቡ ተራራ ወደ አዋሽ የሚወርዱ በርካታ ጅረቶችንና ደረቅ ወንዞችን ያቋርጣል። የሮቢና የጀውሃ ወንዞች በስም ይታወቃሉ፤ ስም የሌላቸው የክረምት ጎርፍ መውረጃዎች ግን ከእነሱ ይበልጣሉ። ለእያንዳንዳቸው ከመንገዱ ሥር ቱቦ፣ ሣጥን መሰል የኮንክሪት ማስተላለፊያ ወይም ትንሽ ድልድይ ተሠርቶላቸዋል። እነዚህ በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት ደረቅ ናቸው። ከብት ጠባቂዎች በድልድይ ሥር አሸዋ ለአሸዋ መንዳትን ከመሐንዲሶች ሳይማሩ ያውቁታል።

እንግዲህ መንገዱ ሲታደስ ወይም ሲሰፋ ቱቦው መፍረሱ ካልቀረ በምትኩ ከፍና ሰፋ ያለ ማስተላለፊያ ማስገባት የሚጠይቀው ተጨማሪውን ኮንክሪትና ብረት ነው። ቁፋሮው፣ ተለዋጭ መንገዱና የኮንትራክተሩ ማሽን ለዋናው ሥራ ተከፍሎባቸዋል። ተጨማሪው ወጪ 10 ሚሊዮን ብር ቢሆን በ10 በመቶ ወለድ የዓመቱ ሸክም ከ100 ሺህ ብር ጥገና ጋር 1.11 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። ይህ ከጉዳቱ 41 በመቶውን ብቻ ካስቀረ ያዋጣል። በ5 በመቶ ሲታሰብ 24 በመቶ ይበቃዋል። በአጭሩ ዲዛይኑ በጠረጴዛ ላይ ሳለ የተጠየቀ መሻገሪያ ርካሽ ነው፤ አስፋልቱ ከተነጠፈ በኋላ የተጠየቀ ደግሞ ውድ ነው።

ይሁንና ጎርፍ ማውረጃና የሰው መተላለፊያ በአንድ ጉድጓድ ሲኖሩ ጥንቃቄ ያሻል። ክረምት ሲመጣ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ ሜዳው ፀሐይ እያለ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በጎን በኩል ከፍ ያለ የእግር መሄጃ መደብ ማበጀት፣ ደለሉን በየዓመቱ መጥረግ ግዴታ ነው። ካልተጠረገ ሦስት ሜትር የተባለው ከፍታ ሁለት ይሆንና ጭነት የያዘ ግመል አያልፍበትም።

ስፋቱም በግምት አይወሰንም። መሐንዲሶችና የዱር እንስሳት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አለ፤ የመሻገሪያው ቁመት በወርዱ ተባዝቶ ለርዝመቱ ይካፈላል። ሦስት ሜትር ቁመትና አራት ሜትር ወርድ ያለው፣ ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ መሻገሪያ ውጤቱ 1 ነው። መንገዱ ሰፍቶ ርዝመቱ 24 ሜትር ቢሆን ወደ ግማሽ ይወርዳል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውስጡ ይጨልማል፤ ሚዳቋም ሆነች በጨለማ የምትፈራ ሴት ወደዚያ አትገባም።

ሌላው አገር ምን አደረገ?

በካናዳ ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ የሚያልፈው አውራ ጎዳና 38 የሥርና 6 የላይ መሻገሪያዎች ከአጥር ጋር ተሠርተውለታል። በዚያ የመኪናና የዱር እንስሳት ግጭት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። በሰሜን አሜሪካ ጉዳዩን ከምሕረት ወደ ሂሳብ ያሸጋገረው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ሲሆን ከአጋዘን ጋር የሚደርስ አንድ ግጭት በአማካይ 6,617 ዶላር እንደሚያስወጣ አስልቷል። በዚያ ዋጋ ውስጥ ጥገናው፣ የሰው ጉዳቱና በድኑን ማንሻው ሳይቀር ገብቷል።

ጎረቤት ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ከናንዩኪ ወደ ሜሩ በሚወስደው መንገድ ሥር የዝሆን መተላለፊያ ከፍታለች። መተላለፊያው ራሱ 250 ሺህ ዶላር፣ የኬንያ ተራራን ከለዋ ጥብቅ ቦታ የሚያገናኘው መላው ኮሪደር 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደፈጀ ተነግሯል። እዚያ ሂሳቡን ያቀለለው ቱሪስት የሚከፍልበት ዝሆን መኖሩ ነው። ይፋት ዝሆን የለውም፤ ያለው የቁም እንስሳት ገበያ ነው። ስለዚህ በይፋት ዋናው ከፋይ ቱሪስቱ ሳይሆን ከብቱ ነው፤ ጅቡና ከርከሮው የሚያልፉት ለከብቱና ለሰው በተሠራው በር ነው።

በአገር ቤት ትምህርቱ ሩቅ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በአውራ ጎዳና ለሁለት ተከፍሎ፣ ሳላ የሚሰማራበት የኢላላ ሳላ ሜዳ በደቡብ፣ የኩዱ ሸለቆ በሰሜን ቀርተዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መስመርም ከብትና ግመል እየገጨ ካሣ መክፈልና መዘግየት ገጥሞታል። ከአዋሽ ተነሥቶ በይፋት ቆላ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ የሚዘልቀው 392 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ሥራው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። በኃይል አቅርቦት እጥረትና በጦርነቱ ባደረሰው ጉዳት ምክንያት መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ዓመታት ተቆጥረዋል። ባቡሩ በሙሉ ኃይሉ መሮጥ ሲጀምር የቆላው ከብት ሁለት መስመር ማቋረጥ ይኖርበታል፤ አንዱ አስፋልት፣ ሌላው ሐዲድ። በአንዱ ሥር የተከፈተ በር በሌላው ከተዘጋ የወጣው ገንዘብ ከሰረ ማለት ነው።

አጥር የሌለው በር

መሻገሪያ ያለ አጥር በር ያለ ግድግዳ ነው። ከብትም ሆነ ሰው አቋራጭ ይወዳል። በአዲስ አበባ ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጎዳናዎች ለሁለት ተከፍለው ማቋረጫ ሩቅ የሆነበት እግረኛ በአጥር ላይ ሲዘል የታየው ለዚህ ነው። 612 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአጥር የታጠረ፣ ለነዋሪውም ማለፊያዎች የተሠሩለት ቢሆንም የአጥር ሽቦ ስርቆት የአስተዳዳሪዎቹ ራስ ምታት ሆኖ ቆይቷል።

በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ መካከል መንገዱን በሙሉ በሽቦ ማጠር ወጪው አይቻልም፤ ቢቻልም ሽቦው ለማንም በረት ይሆናል። ርካሹ ዘዴ ከመሻገሪያው ግራና ቀኝ ጥቂት መቶ ሜትር በድንጋይ ካብ፣ በቁልቋል ወይም በግራር እሾህ መዝጋት ነው። የሚያዋጣው ከብቱ ቀድሞውኑ የሚሄድበት መስመር ላይ ሲሠራ ብቻ ነው። መስመሩን የሚያውቀው ደግሞ እረኛው፣ የአገር ሽማግሌውና የገበያ ደላላው ነው። መሐንዲሱ በካርታ ላይ ባመቸው ቦታ ቢያስቀምጠው ከብቱ ካርታ አያነብም።

ማን ይክፈል?

መንገዱ የፌዴራል በመሆኑ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ክፍያ የጥገና ወጪ ይሸፍናል፤ ለመንገድ ደህንነት የሚውል ድርሻም አለው። ስለዚህ ነዳጅ የሚቀዳው ባለ መኪና ለደህንነቱ ከወዲሁ እየከፈለ ነው ማለት ይቻላል።

ግን ሌላም ከፋይ አለ። ሰንበቴን በመሰለ ገበያ በሳምንት 500 የቁም እንስሳ ይሸጣል ብለን ብናስብ በዓመት 26 ሺህ ይሆናል። ቀደም ሲል የታየው የ1.11 ሚሊዮን ብር የዓመት ሸክም ለእነዚህ ሲካፈል በራስ 43 ብር ገደማ ነው። ሰንጋ ለሸጠ ነጋዴ ይህ ከአንድ ቀን የሣር ወጪ አይበልጥም። ነጋዴው ግን ገንዘቡ ወደ መንገዱ መሄዱን ሳያይ አይከፍልም፤ ደረሰኝ የሌለው መዋጮ ሌላ ኬላ እንደሆነ ልምዱ አስተምሮታል።

ለከተማ ባለሀብትም ነገሩ ባዶ አይደለም። ሰውና ከብት በአንድ አፍ ሲያልፍ በአፉ ላይ ጉሊት፣ ሻይ ቤትና የመኖ መሸጫ ይበቅላል። እዚያ አካባቢ ቦታ ለመያዝ የሚያስብ ሰው ግን አንድ ነገር ልብ ቢል መልካም ነው። የመሻገሪያውን አፍ የዘጋ ሱቅ ከብቱን ወደ አስፋልቱ ይመልሰዋል፤ ከብቱ ከተመለሰ ገበያውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከግራና ቀኝ የሚቀረው ነጻ ቦታ በማስተር ፕላን ላይ አስቀድሞ ሊሰመር ይገባዋል።

ወጪው ከበዛ መሻገሪያ ብቻውን መፍትሔ አይደለም። የፍጥነት መገደቢያ ጉብታ፣ በገበያ ቀን የቆመ ትራፊክ ፖሊስ፣ ከብት ወደሚያቋርጥበት ቦታ ሲቃረቡ የሚታይ ምልክት ሁሉም ርካሽ ናቸው። ጉብታው ግን በእያንዳንዱ መኪና ላይ በየዕለቱ ነዳጅ፣ ጎማና ደቂቃ ያስከፍላል፤ ይህ ትንሽ ወጪ በመኪናው ብዛት ሲባዛ ትንሽ አይሆንም። ጉብታ ለመንደር መግቢያ፣ መሻገሪያ ከብት ለሚበዛበት ገላጣ ሜዳ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በጠቅላላው ሲታይ ሂሳቡ ሁለት መልስ ይሰጣል። አዲስ ቆፍሮ ለመሥራት ከሆነ ጉዳቱ እጅግ የበዛበትን አንድና ሁለት ቦታ መምረጥ እንጂ በየኪሎ ሜትሩ መመኘት አያዋጣም። መንገድ ሲታደስ ቱቦ ለመለወጥ ከሆነ ግን አለማስፋቱ ነው ኪሣራው። ይህን ለመወሰን የሚያስፈልገው መረጃ ውድ አይደለም። የትኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ ምን ተገጨ የሚል መዝገብ ነው። የትራፊክ ፖሊሱ፣ የኢንሹራንስ ወኪሉ፣ የትራንስፖርት ማኅበሩና የገበያው ደላላ እያንዳንዳቸው የመዝገቡን ቁራጭ ይዘዋል። ቁራጮቹ በአንድ ገጽ ላይ ሳይገጣጠሙ የሚቀጥለው ጨረታ ከወጣ ቱቦው እንደ ድሮው ጠባብ ሆኖ ይቀበራል። ያን ጊዜ የ10 ሚሊዮኑ ሥራ የ30 ሚሊዮን ይሆናል፤ እስከዚያው ድረስ ሂሳቡን የሚከፍሉት ግመሉ፣ ሾፌሩና ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ ናቸው።